ድልድዩ ላይ ሕጉ ይቀየራል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነሣው እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ በር ላይ ነው። በነፃ በሚሰጥ ነገር ማማረር ነውር ይመስለኛል፤ ቢሆንም ዛሬ አላስችል ብሎኛል። ቅሬታዬ ዜናችሁ ላይ ሳይሆን ማስታወቂያችሁ ላይ ነው። ከተወሰኑ ሳምንታት ወዲህ በታክስ ሠሪውና በጥርስ ሐኪሙ ማስታወቂያ መሀል ሽጉጥ የተሳለበት ሳጥን ይወጣል። «በአንድ ቀን ሥልጠና የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ያውጡ፤ በብዙ ስቴቶች ይሠራል፤ ለሹፌሮች ልዩ ቅናሽ አለን» ይላል። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል።

ውሸት ጽፏል አልልም። ቨርጂኒያ ውስጥ በአካል ተገኝቶ አጭር ሥልጠና የወሰደ ሰው ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያመለክታል፣ ቢበዛ 50 ዶላር ይከፍላል፣ ለ5 ዓመት የሚሠራ ፈቃድ ይሰጠዋል። «በብዙ ስቴቶች» የሚለውም እውነት ነው። ብቻ ከብዙዎቹ ውስጥ እኛ በየቀኑ የምንነዳባቸው ሁለቱ የሉም። ጎረቤታችን ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም። ዋና ከተማው ዋሽንግተን ዲሲም አይቀበልም። የሌላ የማንንም አይቀበሉም። ያንን ማስታወቂያ አይቶ ስልክ የሚመታው ደግሞ ጠዋት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥቶ፣ ቀን ዲሲ ሲሽከረከር ውሎ፣ ማታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው የሚያወርድ ወገን ነው። ቅናሹም የወጣው ለሱ ነው።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ጥር ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ነበረብን። የኔ መኪና ጋራዥ ስለነበረች ኤርፖርት ተሳፋሪ ለመጫን አብሮኝ ሰልፍ የሚይዝ አንድ ልጅ በሱ መኪና ሊወስደኝ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ግሪን ካርዱን ይዞ ከመጣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንወጣ አፍንጫዬ አላስቀምጥ አለኝ። ሶፍት ፍለጋ ክሩስኮቱን፣ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ፣ ከፈትኩ።

መጀመሪያ እጄ ያገኘው ወረቀት ነው። የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ፣ የመኪናው ሬጅስትሬሽን፣ ተጨማድዶ የቀረ የፓርኪንግ ቲኬት። ከወረቀቱ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። ጎትቼ አላወጣሁትም። ምን እንደሆነ ሳላየውም አውቄዋለሁ።

«አንተ! ይሄ ምንድነው?»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ሕጋዊ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«ጥይት ጎርሷል?»

«ባዶውንማ ምን ላደርገው?»

«ሕጋዊ የት?»

«ቨርጂኒያ ነዋ። ክሩስኮት ውስጥ ተዘግቶ ከተቀመጠ ያለ ፈቃድም ይቻላል። እኔ ደግሞ ፈቃዱም አለኝ። አስተማሪው ራሱ ነው የነገረን።»

ቀና ስል «እንኳን ወደ ሜሪላንድ በደህና መጣችሁ» የሚለው ሰሌዳ በቀኝ በኩል አለፈን።

ልጁ ያለው ነገር ቨርጂኒያ ላይ ልክ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ መያዝ ያልተከለከለ ሰው በግል መኪናው ውስጥ ሽጉጡን በተዘጋ ሳጥን ወይም ክፍል ካስቀመጠ ፈቃድ አይጠየቅም። የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግም በጊዜው የግድ በቁልፍ መቆለፍ የለበትም፣ የተዘጋ ክሩስኮት ይበቃል የሚል አስተያየት ጽፎበታል። ስለዚህ ልጁ ቤቱ በር ላይ ሞተር ሲያስነሣ ንጹሕ ሰው ነበር። ድልድዩ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ፖቶማክ ወንዝ ራሱ የቨርጂኒያ አይደለም፤ የቨርጂኒያ ወሰን የሚያበቃው በራሷ በኩል ባለው የውሃው ዳር ነው። ዊልሰን ድልድይ ላይ ደግሞ መሀሉ ላይ አንዲት አጭር ቁራጭ የዲሲ ነች። ሳል ብለህ ሳትጨርስ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ሦስቱንም ረግጠሃቸዋል።

እኛ የለመድነው ኬላ ነው። ገመድ ተዘርግቶ፣ ፈታሹ ቆሞ፣ «ውረዱ» ተብሎ፣ ሻንጣው ተገላብጦ ነው ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መግባትህን የምታውቀው። እዚህ ገመድ የለም። ሕጉ የሚቀየረው በአንድ ሰሌዳ ነው፣ እሱም በ55 ማይል ስታልፈው። አንዳንዴማ ሰሌዳው ትዝም አይልህም። ከሬገን ኤርፖርት ወጥተህ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ አርሊንግተን ስትሄድ ወንዙን ስላልተሻገርክ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለህ ይመስልሃል። ነገር ግን ፔንታጎን አጠገብ መንገዱ የሚያቋርጣት ኮሎምቢያ አይላንድ የዲሲ መሬት ናት። እኔ ስንት ዓመት ስነዳበት ይህን ያወቅሁት አሁን ነው።

ወደ ድልድዩ ልመለስ። «ዙር» አልኩት። «ለቅሶውስ?» አለኝ። «የኛ ለቅሶ እንዳይሆን ዙር!» ድልድዩን እንደጨረስን ወደ ናሽናል ሃርበር የሚያወጣው መውጫ አለ፤ በዚያ ወጣን። ለመመለስ ደግሞ ያንኑ ድልድይ እንደገና መሻገር አለብን፣ ያው ዕቃ በክሩስኮት እንዳለ። የስቴት ፖሊስ መኪና ከኋላችን ገባች። መብራቷን አላበራችም፤ ዝም ብላ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተከተለችን። ልጁ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱን ሳያዞር በመስተዋት እያየ ነዳ። እኔ ሶፍቴን እጄ ላይ ጨምድጄ አፍንጫዬን መጥረግ እንኳ ፈራሁ። ፖሊሷ መስመር ቀይራ አለፈችን። አሌክሳንድሪያ ደርሰን ዕቃውን ቤቱ አስቀምጦ እስኪመለስ፣ ለቅሶው ቤት የደረስነው ንፍሮው ካለቀ በኋላ ነው።

የእህቴ ልጅ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በማግሥቱ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «አጎቴ፣ ይህን ጋዜጣ ላይ ብትጽፈው እንኳ ስም እንዳታስገባበት» ነው። ለዚህ ነው ከታች ስሜን የማታገኙት። ከዚያ ሕጉን ዘረዘረችልኝ። ጠበቃ አይደለሁም፣ የገባኝን ያህል ልጻፈው።

ሜሪላንድ የራሷን ፈቃድ ላልያዘ ሰው ሽጉጥ በመኪና መያዝን ትከለክላለች። ታየም ተደበቀም፣ በወገብ ይሁን በክሩስኮት ለውጥ የለውም። መኪናው ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ነጂው እያወቀ እንደያዘው ነው የሚገመተው፤ አላውቅም ነበር ካለ ማስረዳት የሱ ዕዳ ነው። ከ2023 ጥቅምት ወዲህ ከፍተኛው ቅጣት 5 ዓመት እስር ሆኗል። የተፈቀዱ ጉዞዎች አሉ፤ ከገዛህበት ወደ ቤትህ፣ ወደ ጠጋኝ፣ ወደ ተኩስ መለማመጃ፣ ወደ አደን። እነሱም ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ በተዘጋ መያዣ ሆኖ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ምን አገኘች መሰላችሁ? የውሻ ማሠልጠኛና የውሻ ትርኢት። በእውነት ሕጉ ላይ አለ! ውሻ ይዘህ ለትርኢት ብትሄድ የምትጠቅሰው መስመር አለህ፤ ለቅሶ ለመድረስ ግን የለህም።

ዲሲ ደግሞ ትብሳለች። የራሷ ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ ይዞ ቢገኝ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል፣ ያልተመዘገበው ሽጉጥና ጥይቱ ለየብቻቸው ተጨማሪ ክስ ናቸው። በሕጋዊ መንገድ ይዞ ማለፍ ይቻላል፤ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡም ጥይቱም ተሳፋሪው ከሚቀመጥበት እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም ትራንክ (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ውስጥ ሆኖ። መኪናው ትራንክ ከሌለው በተቆለፈ ሳጥን። ሕጉ በግልጽ «ከክሩስኮትና ከመሀሉ ሳጥን ውጪ» ይላል። ቨርጂኒያ የፈቀደችው ያው ቦታ፣ ዲሲ ስሙን ጠርታ የከለከለችው ቦታ ነው።

በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግም አለ። ሽጉጥ መያዝ ከሚፈቀድልህ ቦታ ተነሥተህ መያዝ ወደሚፈቀድልህ ሌላ ቦታ ስታልፍ፣ ጥይቱ ወጥቶ ትራንክ ውስጥ ከተቆለፈ በመሀል ያለው ስቴት እንዳይከስህ ይከላከልልሃል። ሰው ሁሉ ይህን እየጠቀሰ «ፌዴራል አለልኝ» ይላል። ነገር ግን ይህ ለአላፊ ነው። ከቨርጂኒያ ተነሥተህ በሜሪላንድ አልፈህ ፔንሲልቬኒያ ለምትሄድበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ልትበላ ለምትሄድበት አይደለም።

ተሳፋሪውስ? እኔስ? ይህን ስጠይቃት ዝም አለች። ዲሲ ውስጥ በ2009 የወጣ፣ ሽጉጥ እንዳለ እያወቀ መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው ሁሉ የሚቀጣ ሕግ ነበር። የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። እሰይ አልኩ። «ቆይ» አለችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ባልቲሞር አካባቢ ፖሊስ ሦስት ሰዎች የያዘ መኪና አስቁሞ ክሩስኮት ውስጥ ጥቅል ገንዘብ፣ ከኋላ ወንበር ክንድ ማስደገፊያ ጀርባ ኮኬይን አገኘ፤ የኔ ነው የሚል ሲጠፋ ሦስቱንም አሰረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በሙሉ ድምፅ ሦስቱንም ማሰሩ ልክ ነው አለ። ጉዳዩ ዕፅ ነው፣ ሽጉጥ አይደለም፣ ግን አስተሳሰቡ ግልጽ ነው። መኪና ጠባብ ቤት ነች። ማን ምን እንደያዘ አጣርተህ ነው የምትገባው ይሉሃል። እኔ ደግሞ ለቅሶ ልደርስ ነበር የገባሁት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለማንም አሜሪካዊ ይሠራል። እንቅልፍ የነሣኝ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ማስታወቂያችሁም አንድ ቃል ያልተናገረው ስለዚህ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል። ቨርጂኒያም ፈቃዱን ትሰጠዋለች። ስለዚህ ልጁ ሱቅ ገብቶ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አልፎ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን ለብቻው የተቀመጠ መስመር አለው። ከገባ በኋላ በማናቸውም ሕግ ሽጉጥ በመያዝ፣ በመግዛት፣ በመሸጥ ወይም በመሳሰለው ወንጀል የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። ሰው አቁስሏል፣ ዘርፏል አይልም። መያዙ ይበቃል። ትንሽ ጥፋት ነው፣ እስር ቤት አልገባሁም፣ ዳኛው በገደብ ለቀቀኝ ማለት አያድንም፤ ኢሚግሬሽን «ተፈርዶበታል» የሚለውን ቃል በራሱ ትርጉም ነው የሚያነበው። ጥፋተኛ ነኝ ብለህ፣ ዳኛውም በትንሹም ቢሆን ገደብ ካስቀመጠብህ፣ ስቴቱ «መዝገብህ ንጹሕ ነው» ቢልህም ለነሱ ፍርድ ሊሆን ይችላል። ሰው ደግሞ ቶሎ ወደ ሥራው ለመመለስ ሲል የሚሰጡትን ስምምነት ይፈርማል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፤ ስለዚህ ማንም ወገን «ኢሚግሬሽኔ ላይ ምን ያመጣል?» ሳይል አይፈርም። ጠበቃው ባያነሣው እንኳ እሱ ያንሣው።

እስቲ አስቡት። አንድ ፈረንጅ በዚያ ድልድይ ላይ ቢያዝ ጠበቃ ይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ተናዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ግን ለሚስቱና ለልጆቹ የሞላው ቅጽ ነበር። ቆጥሮ የያዘው የዜግነት ቀን ነበር። ያ ሁሉ የተንጠለጠለው ሶፍት ፍለጋ በተከፈተ ክሩስኮት ላይ ነበር።

ግሪን ካርድ እንኳ የሌላቸውማ ጨርሶ ሌላ ነው። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት በቪዛ የመጣ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ጭራሹን፣ ሽጉጥም ሆነ ጥይት መያዙ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ጠበቃውን ሳያናግር የጓደኛውን ሽጉጥ «እስቲ ልየው» ብሎ እንኳ ባይቀበል ጥሩ ነው።

አሁን «አንተ ሽጉጥ ስለምትጠላ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላም። ያደግሁት የአባቴ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በሚያድርበት ቤት ነው። ፍርሃቱም ውሸት አይደለም። በ2023 ዲሲ ውስጥ 959 የመኪና ነጠቃ ተመዝግቧል፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ2024 በግማሽ ያህል ወርዷል። ያ ዓመት ግን ከሹፌር ልብ አልወጣም። ከኔም አልወጣም፣ ምክንያቱም ከተነጠቁት አንዱ ነኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፣ በፈረንጅ 2። ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ተሳፋሪ አውርጄ ስልኬ ላይ የሚቀጥለውን እያየሁ ቆሜ ነበር። የግራው በር ተከፈተ። ሁለት ልጆች። ልጆች ናቸው ስላችሁ፣ አንደኛው ጢም አልጀመረም። «ውረድ» አለኝ። ቀበቶዬን መፍታት አልቻልኩም፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ራሱ አጎንብሶ ፈታልኝ። በጎኔ ሲያልፍ ማስቲካ ይሸት ነበር። ወረድኩ፣ ሄዱ።

ያ ለቅሶ ሊወስደኝ የመጣው ልጅ ሽጉጡን ለምን እንደገዛ ሲነግረኝ ይህን ቀን ነው ያስታወሰኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያን ቀን ቢኖርዎት ኖሮ…» አለኝ። ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቢኖረኝስ? ክሩስኮቱ በቀኝ ጥግ ነው። እኔ በግራ ወንበር በቀበቶ ታስሬ፣ አንድ አፈ ሙዝ ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ ተንጠራርቼ ክሩስኮት ልከፍት? የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ መኪናዬንም ሽጉጤንም ይዘው ይሄዱ ነበር፣ ያውም እኔን ካልገደሉኝ። ክሩስኮት ውስጥ ያለ ሽጉጥ ለባለቤቱ ሩቅ ነው፤ መስታወት ሰብሮ ለሚገባ ሌባ ግን ቅርብ ነው።

ሌላም አለ። ሬጅስትሬሽኑ የት ነበር? ከሽጉጡ ላይ። ፖሊስ አስቁሞ «ላይሰንስና ሬጅስትሬሽን» ሲል እጃችን የት ነው የሚሄደው? ሁላችንም ክሩስኮት ነን። ፖሊሱ ባትሪውን ይዞ እያየ፣ አንተ ክሩስኮት ከፍተህ ከወረቀቱ ሥር ብረት ብቅ ሲል ይታያችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ በ2016 ፊላንዶ ካስቲል ፈቃድ ነበረው፣ ሽጉጥ እንዳለው ለፖሊሱ በትሕትና ተናግሮ ነበር፣ መታወቂያውን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ነው የተተኮሰበት። የተኮሰው ፖሊስ በዓመቱ ነፃ ተባለ። እኛ ደግሞ ስንደነግጥ እንግሊዝኛችን ይጠፋብናል። እኔ እንደሆንኩ ቀበቶ መፍታት ያቃተኝ ሰው ነኝ።

ለኡበርና ለሊፍት የሚሠራ ደግሞ ይህን ሁሉ ፈቃድ ሰብስቦ ቢይዝም ድርጅቶቹ ራሳቸው ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ቢደርሱበት ከአፑ ያወጡታል። ስለዚህ «ለሹፌሮች ልዩ ቅናሽ» የሚለው ሥራህን የሚያሳጣህን ነገር በቅናሽ መሸጥ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንኳ ፈቃድ ሳይኖርህ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ክሩስኮት ውስጥ ይዘህ ተማሪ ልታወርድ ትምህርት ቤት ግቢ ብትገባ ከባድ ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ይፈቀድለታል፣ የሌለው ግን ጥይቱን አውጥቶ በተዘጋ ዕቃ መያዝ አለበት። ጠዋት ጠዋት ልጅ የምታደርሱ ስንቶቻችሁ ይህን ታውቃላችሁ?

ዜጋ የሆነ፣ አስቦበት የወሰነ ሰው መንገድ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ሽጉጥ ለመያዝ ልዩ ምክንያት ይጠይቅ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ከሻረ ወዲህ ሜሪላንድ «በቂ ምክንያት አምጣ» ማለቷን ትታለች፤ ዲሲ ከዚያ በፊት በ2017 በፍርድ ቤት ተገዳ ትታለች። የየራሳቸውን ፈቃድ ከነዋሪ ላልሆነም ይሰጣሉ። ሜሪላንድ 16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፣ ዲሲ 16 ሰዓቱ ላይ 2 ሰዓት ተኩስ ትጨምራለች። ይህን ያደረገ ሰው ጋር ክርክር የለኝም። በአንድ ቀን ሥልጠና ሦስቱንም ስቴት ሊነዳ የሚነሣው ነው ያስፈራኝ።

አዘጋጁ ሆይ፣ ማስታወቂያውን አንሡት አልልም፤ ወረቀቱ በምን እንደሚታተም አውቃለሁ። ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ «ይህ ፈቃድ ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ አይሠራም፤ ዜግነት የሌለው ሰው አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።» ከተቻለ ደግሞ አንድ ጠበቃ ጋብዛችሁ ሙሉ ገጽ አስጽፉልን፤ እኔ የጻፍኩት የሹፌር ዕውቀት ነው፣ ስህተት ካለው ያርሙኝ፣ አይከፋኝም። አስተማሪው ዘንድም ደውዬ ነበር። «ክፍል ውስጥ እንነግራቸዋለን» አለኝ። ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ነበረ።

ልጁ ሽጉጡን አልሸጠውም። ቤቱ ቁልፍ ባለው ሳጥን አስገብቶት፣ ቁልፉን እኔ ዘንድ አምጥቶ አስቀመጠ፤ ዜግነቴን ስይዝ እንነጋገርበታለን ብሎኛል። መኪናውን ባለፈው ሳምንት ተሳፍሬበት ነበር። ክሩስኮቱን ሳልጠይቀው ራሱ ከፍቶ አሳየኝ። ወረቀቱ አለ፣ ሦስት ጥቅል ሶፍት ጨምሮበታል።

ማስታወቂያችሁ በዚህ ሳምንትም ወጥቷል። ቅናሹ ጨምሯል።

አንድ ሹፌር
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ